ሰርተፊኬቱን ግድግዳ ላይ ትታው ሄደች

እስቲ በጥያቄ ልጀምር። ሠራተኛችሁን ሸልማችሁ፣ ፎቶውን በፍሬም አሠርታችሁ ግድግዳ ላይ ሰቅላችሁ፣ በሰው ፊት አስጨብጭባችሁለት ሲያበቃ፣ ሦስት ወር ሳይሞላው "ደህና ሁን፣ ሄጃለሁ" ቢላችሁ ምን ይሰማችኋል?

እኔ ደርሶብኛል። ያውም የሄደችው የሠራተኞቼ ሁሉ ቁንጮ ነበረች። ያን ቀን በንዴት ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ? "ውለታ ቢስ!" ነው ያልኩት። ዛሬ ያቺን ቃል ባስታወስኩ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ። ምክንያቱም ውለታ ቢሱ ማን እንደነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

እናላችሁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ አነስተኛ የልብስ ስፌት ቤት አለችኝ። ዘጠኝ ሠራተኞች ነበሩኝ፤ አንድ ቆራጭ፣ ስድስት ሰፊዎች፣ አንድ ተኳሽና አንዲት የኦቨርሎክ ሠራተኛ። ክረምት ከመግባቱ በፊት ሥራው ቀዝቀዝ ያለ ነው። ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ ግን ጉድ ነው! ነሐሴ ለእኛ የመኸር ወር ነው። በዚያ ወር ያልሰበሰብነውን ዓመቱን ሙሉ አናገኘውም።

የኦቨርሎኳ ልጅ የመጣችው በ2010 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ነው። ያኔ ሃያ ዓመቷ ነበር። ዝምተኛ ናት። ግን እጇ! ጨርቁን በጣቷ ዳበስ አድርጋ "ይሄ ሲታጠብ ይሰበሰባል" ካለች ይሰበሰባል። በቤቱ ውስጥ የሚሰፋ ልብስ ሁሉ፣ ሱሪም ይሁን ቀሚስ፣ ጠርዙ በእሷ እጅ ሳያልፍ አይወጣም። እሷ አንድ ቀን ከቀረች ስድስቱም ሰፊዎች ይቆማሉ። ይህን አውቅ ነበር? አሳምሬ! ነግሬያትስ አውቃለሁ? እሱን አትጠይቁኝ።

የአለቃ ዕቁብ

በ2014 ዓ.ም. አንድ ዘመዴን ለማጋባት አንድ ትልቅ ሆቴል ሄጄ፣ መግቢያው ላይ "የወሩ ምስጉን ሠራተኛ" ተብሎ የአንድ አስተናጋጅ ፎቶ ተሰቅሎ አየሁ። ልጁ ፈገግ ብሏል፤ ክራቫቱም አምሮበታል። "ይኼ ነው የጎደለኝ!" አልኩ። ሠራተኛ ለማቆየት ቀላሉ መንገድ የተገኘ መሰለኝ።

መጋቢት ላይ ጀመርኩት። ሰርተፊኬት አሳተምኩ፣ ማህተም አደረግኩበት፣ 300 ብር በፖስታ ከተትኩ፣ ለስላሳ አስመጣሁ። የመጀመሪያዋ ተሸላሚ ማን ትሁን? ያለ ጥርጥር የኦቨርሎኳ ልጅ። ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሳ፣ እልል ተባለ። እሷም አቀርቅራ ተቀበለች። እኔ ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ሚያዝያ ሲመጣ ግን ችግሩ ተጀመረ። እውነቱን ከተናገርን አሁንም የሚገባው ለእሷ ነው። ግን "አድልዎ አደረገ" እንዳይሉኝ ፈራሁና ለቆራጩ ሰጠሁት። ግንቦት ላይ ለተኳሹ። ሰርተፊኬቱ ላይ የተጻፈው ደግሞ ለሦስቱም አንድ ነው፤ "ላሳዩት መልካም የሥራ አፈጻጸም" ይላል። አንድ ቀን በር ላይ ቆሜ ሳለሁ ከሰፊዎቹ አንዷ "የሰኔው የአለቃ ዕቁብ ለማን ነው የሚወጣው?" ስትል ሰማኋት። ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን ሳቁ ውስጥ ያለውን አልሰማሁትም።

በዚያው ሰሞን ሌላም ብልሃት አመጣሁ። በቀን ከ15 ሱሪ በላይ የጨረሰ ሰፊ በእያንዳንዱ ተጨማሪ ሱሪ 5 ብር ያገኛል አልኩ። ወይ ጉድ! ማሽኖቹ እንደ ወፍጮ ይጮሁ ጀመር። ምርቱም ጨመረ። ግን ምን ያደርጋል፣ ኪሱ ተጣሞ፣ ክሩ ሳይቆረጥ፣ ዚፑ ሳይጠበቅ ይወጣል። አንድ ደንበኛችን 42 ሱሪ መለሰልን። በፊት አዲስ የገባችውን ልጅ ተባብረው ያስተምሯት የነበሩት ሰፊዎች ደግሞ "ሰዓቴን አታባክኚብኝ" ማለት ጀመሩ።

ከሁሉ የሚብሰውን ልንገራችሁ። ያ ሁሉ ሱሪ የሚያልፈው በማን እጅ ነው? በኦቨርሎኳ ልጅ። ሰፊዎቹ በፈጠኑ ቁጥር የእሷ ሥራ ይቆለላል። ነገር ግን "ይህ የእኔ ሱሪ ነው" ብላ የምትቆጥረው ሱሪ ስለሌላት ከዚያች 5 ብር አንድም አልደረሳትም። እኔም አላሰብኩትም። እሷም አልጠየቀችም።

"ብሩን ዛሬ ነው ያገኘኸው?"

ሰኔ ላይ ማታ ሁሉም ከወጡ በኋላ ወደ እኔ መጣች።

"ጋሼ፣ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ልሰጥህ ነው። ሌላ ቦታ አግኝቻለሁ።"

ደነገጥኩ። የአንድ ትልቅ ትምህርት ቤት የ600 ዩኒፎርም ትዕዛዝ ተቀብያለሁ፤ እሷ የምትለቀው ደግሞ ልክ ሥራው ሲጋጋም ነው። ያኔ ደመወዟ 4,160 ብር ነበር።

"ስንት ጨመሩልሽ?"

"አራት መቶ።"

"በቃ? እኔ ስምንት መቶ እጨምርልሻለሁ!"

ቀና ብላ አየችኝ። "ብሩን ዛሬ ነው ያገኘኸው ጋሼ? ወይስ ትናንትም ነበረህ?"

መልስ አጣሁ። ሲጨንቀኝ ወደ ግድግዳው ጠቆምኩ። "ይኸው አክብሬሽ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ሸልሜሽ…"

"ሸልመኸኛል። ለምን እንደሸለምከኝ ግን አልተጻፈበትም። ያንን ሰማያዊ ጣቃ ታስታውሳለህ?"

አስታወስኩ። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ከተዘጉበት ሲመለሱ፣ በጥድፊያ ጨርቅ ገዝተን ነበር። እሷ ሁለቱን ጣቃዎች በር ላይ፣ ፀሐይ ላይ ዘርግታ "ቀለማቸው ይለያያል" አለች። ባትለየው ኖሮ 120 ሱሪ አንዱ እግሩ ደመቅ፣ ሌላው ፈዘዝ ብሎ ይወጣ ነበር። ኪሳራው ቤቴን ያዘጋው ነበር። እኔ ያኔ ምን አልኳት? "እሺ፣ ለይተሽ አስቀምጪው" ብዬ ወደ ስልኬ ተመለስኩ።

"የዚያን ቀን 'ጎሽ' ብትለኝ ይበቃኝ ነበር" አለች። ከዚያ ቦርሳዋን አነሳችና፣ "የነሐሴውን ማታ ማታማ ተወው" ብላ ወጣች። ወሯን በሥርዓቱ ጨረሰች። በመጨረሻው ቀን ኩባያዋን፣ መቀሷንና ነጠላ ጫማዋን ይዛ ሄደች። ሰርተፊኬቱን ግን ከነፍሬሙ ግድግዳው ላይ ትታው ሄደች።

እሷ ከሄደች በኋላ ሁለት ሰው ቀጠርኩ። ሁለቱም ተደምረው እሷን አልሆኑም። ዩኒፎርሙን ያስረከብኩት 11 ቀን ዘግይቼ ነው። ትምህርት ቤቱ በዓመቱ ሥራውን ለሌላ ሰጠው።

የአዛውንቱ ጥያቄ

በሰፈራችን አንድ ጡረታ የወጡ አዛውንት አሉ፤ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በመንግሥት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። በደርግ ዘመን "ኮከብ ሠራተኛ" ተብለው ሜዳሊያ ተሸልመዋል። ብሶቴን ልነግራቸው ሄድኩ።

"አባባ፣ የዛሬ ልጅ ቢሸልሙትም አይበረክትም" አልኳቸው።

ሳቅ አሉ። "እኔ ሜዳሊያውን ልጆች ሲጫወቱበት ጥለውት ጠፋ። ሳይጠፋብኝ የቀረውን ልንገርህ? አንድ ሌሊት በፈረቃ ላይ ሳለሁ የማሽን ድምፅ አላማረኝም። ለዋናው መካኒክ ነገርኩት። ሰውዬው ብዙ የተማረ ነው፤ እኔ አራተኛ ክፍል ነኝ። ጆሮውን ማሽኑ ላይ አደረገና 'አቁሙት፤ እሱ ካለ አለ' አለ። በእኔ ቃል ማሽን ቆመ! እስከዛሬ ያሞቀኛል።"

ከዚያ ፊታቸው ኮስተር አለና ጠየቁኝ። "ለመሆኑ ነሐሴ ላይ ስታስመሽ የማታውን ከፍለሃታል?"

"በየማታው ለሻይ እያልኩ 50 ብር እሰጣቸው ነበር።"

"ሻይ ሌላ፣ ሒሳብ ሌላ። ልጄ፣ ዕዳ ያለበት ሰው ሲሸልም፣ የሚሸልመው ከተሸላሚው ኪስ አውጥቶ ነው።"

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ተነስቼ ደብተሬን አወጣሁ። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ደመወዟ 4,160 ብር ሲሆን፣ ለ26 ቀንና ለ8 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 20 ብር ይሆናል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚሠራ ትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ማለትም 30 ብር ነው። በሳምንት አራት ማታ፣ በየማታው ሦስት ሰዓት አስመሻቸው ነበር። በአራት ሳምንት 48 ሰዓት፣ 1,440 ብር። እኔ በሻይ ስም የሰጠሁት 16 ጊዜ 50፣ 800 ብር። ጉድለቱ 640 ብር። ሁለት እሑድም አስገብቻቸዋለሁ። በሳምንት የዕረፍት ቀን የሚሠራ እጥፍ ይከፈላል፤ እኔ የከፈልኩት ግን እንደ ተራ ቀን ነው። ጉድለቱ 320 ብር። በአንድ ነሐሴ 960 ብር ማለት ነው።

የ2012 ነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበረ ሥራ አልነበረም። የቀሩት የ2010፣ የ2011 እና የ2013 ናቸው። የቀድሞው አዋጅ የማታው ምጣኔ ዝቅ ያለ ቢሆንም፣ ደመወዟም ያኔ ያነሰ ቢሆንም፣ "በዚህስ አልሰስትም" ብዬ ሁሉንም በአሁኑ አሰላሁት። 2,880 ብር! አያችሁ? የ2,880 ብር ዕዳዬን በ300 ብር ሽልማትና በጭብጨባ ልሸፍነው ነበር። እሷ ስታቀረቅር "አፈረች" ብዬ ነበር። የታዘበችው እኔን ነበር።

ሊቃውንቱስ ምን ይላሉ?

ነገሩ የእኔ ብቻ አለመሆኑን ያወቅሁት ማንበብ ስጀምር ነው። ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በፒትስበርግ አካባቢ ወደ 200 የሚጠጉ መሐንዲሶችንና የሒሳብ ባለሙያዎችን "ሥራችሁን የወደዳችሁት መቼ ነው? የጠላችሁትስ?" ብሎ ጠይቆ፣ ውጤቱን በ1959 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጣ። ሰዎቹ ደስ ያላቸውን ጊዜ ሲያወሩ ብዙ ጊዜ የሚያነሱት ያከናወኑትን ሥራና ያገኙትን ዕውቅና ነው። የከፋቸውን ሲያወሩ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱን አሠራር፣ የአለቃውን ሁኔታ፣ ደመወዝን የመሳሰሉትን ነው። ኸርዝበርግ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው ይላል። ደመወዝ ሲስተካከል ቅሬታ ይጠፋል እንጂ የሥራ ፍቅር በራሱ አይመጣም። እኔ ደግሞ ከራሴ ልጨምር፤ ቅሬታው ሳይጠፋ ምስጋና ቢጨመርበት ስላቅ ነው የሚሆነው።

የመኪናው ጌታ ሔንሪ ፎርድም ተፈትኖበታል። በ1913 እ.ኤ.አ. ሠራተኛ እየለቀቀበት መከራውን አየ። በጥር 1914 የቀን ክፍያውን አምስት ዶላር አደረሰው፤ ከቀድሞው እጥፍ የሚጠጋ ነው። የሚለቀው ሰው ቁጥር ወዲያው አሽቆለቆለ። ግን ጭማሪውን ለማግኘት ሠራተኛው በቤቱ እንዴት እንደሚኖር የሚመረምሩ የኩባንያው ሰዎች ቤት ድረስ ይመጡ ነበር። ገንዘብ ሰውን ያቆያል፤ በክብር ካልተሰጠ ግን ያስከፋል ማለት ነው።

እኔስ ምን አደረግሁ?

ለአዲስ ማሽን መግዣ ያሰብኩት ዕቁብ ሲወጣልኝ ብሩን ለሠራተኞቼ ከፈልኩ። ለእያንዳንዳቸው ሒሳቡን በወረቀት ጽፌ፣ "ይኼ ስጦታ አይደለም፤ ዕዳዬ ነው" አልኳቸው። ያን ቀን ጭብጨባ አልነበረም። ግን ከሰፊዎቹ አንዷ፣ ያቺ "የአለቃ ዕቁብ" ያለችው፣ ቡና አፍልታ ጠራችኝ። አራት ዓመት ሙሉ ቡናቸው ላይ ጠርተውኝ አያውቁም ነበር።

አሁን የማታ ሰዓት የሚመዘገበው ሠራተኞቹ ራሳቸው በሚፈርሙበት ደብተር ነው። በሱሪ ብዛት የሚከፈለው ቀርቷል፤ ትዕዛዙ ያለ ተመላሽ ሲረከብ ከትርፉ ተቆርጦ ቆራጩም፣ ተኳሹም፣ ኦቨርሎኩም ይካፈሉታል። ፎቶ አንሰቅልም። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ላይ ግን በሳምንቱ ያየሁትን አንድ ነገር በስሙ እጠራለሁ፤ "ማክሰኞ ዕለት ያቺን ኮሌታ ፈትተሽ ደግመሽ ስትሰፊ አይቻለሁ" እላለሁ። ታዲያ ከዚያ ወዲህ የሄደ የለም አልላችሁም። ሁለት ሄደዋል፤ አንዷ አግብታ፣ አንዱ የራሱን ቤት ከፍቶ። አኩርፎ የሄደ ግን የለም።

ለወጣት አሠሪዎች

1. ከሽልማት በፊት ዕዳ ይቅደም። ደመወዝ በቀኑ፣ ትርፍ ሰዓት በሕጉ፣ የዓመት ፈቃድ በወቅቱ። ሕጉ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል።

2. ስታመሰግኑ ሥራውን በስሙ ጥሩ። "ጎበዝ ነሽ" ይረሳል፤ "የጣቃውን ቀለም ለየሽ" አይረሳም።

3. ምስጋናውን አታሳድሩት። የጥቅምቱን በመጋቢት ብትሰጡት ቀዝቅዟል።

4. በብዛት ብቻ አትሸልሙ። በእጁ የሚያልፍ እንጂ በስሙ የሚቆጠር ሥራ የሌለውን ሠራተኛ አስቡት።

5. የማትሰጡትን ቦነስ አትናገሩ። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" የሚያሰኝ ተስፋ ከዝምታ ይብሳል።

6. ጭማሪ የምታስቡት መልቀቂያ ሲቀርብላችሁ ብቻ ከሆነ፣ ለሌሎቹም "ካልለቀቃችሁ አይጨመርላችሁም" እያላችሁ ነው።

ለወጣት ሠራተኞች

ያመሻችሁበትን ሰዓት በራሳችሁ ማስታወሻ ጻፉ። ዝምታ ጨዋነት ቢሆንም ሒሳብ አይሆንም፤ በአክብሮት ጠይቁ። ስትለቁም እንደዚያች ልጅ ማስጠንቀቂያችሁን ሰጥታችሁ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃችሁን ተቀብላችሁ ውጡ። ማስረጃው መብታችሁ ነው። ጓደኛችሁ ሲሸለም ደግሞ አታሽሟጡ፤ ጥፋቱ የተሸላሚው አይደለም።

ልጅቷስ?

በምሳ ሰዓት አዲሱ መሥሪያ ቤቷ በር ላይ ጠበቅኳት። ፖስታውን ሰጠኋት። ብሩን አልቆጠረችም፤ መጀመሪያ ያነበበችው የሒሳቡን ወረቀት ነው። ከታች አንድ መስመር ጨምሬበት ነበር፤ "በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የጣቃውን የቀለም ልዩነት ለይታ 120 ሱሪ ያዳነች እሷ ናት" ይላል። ደጋግማ አነበበችው።

"ተመለሺ" ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ዕዳ ከፍሎ ወሮታ መጠየቅ ደግሞ ሌላ ዕዳ ነው።

"ያ ሰርተፊኬት አለ ጋሼ?" አለችኝ።

"አለ። ላምጣልሽ?"

"ተወው" አለችና ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። "እኔ ይቺን እይዛታለሁ።"

ሰርተፊኬቱ እስከዛሬ ግድግዳው ላይ አለ። የሚገቡ ደንበኞች "ይህች ልጅ የታለች?" ይሉኛል። "ሄዳለች" እላለሁ። ያላወረድኩት ለእሷ ብዬ አይደለም፤ በየነሐሴው ደብተሩን ስገልጥ ቀና ብዬ እንዳየው ነው።

እናንተስ፣ ዛሬ ሳታመሰግኑት የዋለ፣ ሳትከፍሉት ያደረ ሰው የለባችሁም?